ቫልቩ መቼ ይዘጋ? ተለዋዋጭ ካምሻፍትና ነባር ሞተሮቻችን



ቪቪቲ-አይ፣ ቪቴክ፣ ቫኖስ የሚሉትን ስሞች ሰምታችኋል። የመኪና ደላላ እነዚህን ስሞች እንደ ማዕረግ ይጠራቸዋል፤ «ምን ማለት ነው?» ብትሉት ግን «ነዳጅ ቆጣቢ ነው» ብሎ ወደ ዋጋው ይሄዳል። ስሞቹ ቢበዙም ሁሉም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ የሞተሩ የመግቢያ ቫልቭ መቼ ይዘጋ? መልሱ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ይለያያል፤ እንደ ጭነቱም ይለያያል፤ እኛ አገር ደግሞ እንደ ከፍታው። መጀመሪያ ይህን አስረዳለሁ፤ ከዚያ ተለዋዋጭ ካምሻፍትን በነባር ሞተር ላይ ስለ መግጠም እናገራለሁ። እዚያ ላይ ብዙዎቻችሁ የማትወዱት አቋም አለኝ፤ ስጨርስ ተከራከሩኝ።

ካምሻፍት ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው። ከክራንክሻፍቱ ጋር በካቴና ወይም በቺንጊያ ተያይዟል፤ ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ጉብታው ቫልቩን ይገፋል፣ ሞላው ይመልሰዋል። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ወጥቶ ይጨምቃል፣ በቃጠሎው ጉልበት ይወርዳል፣ እንደገና ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። በትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ቫልቮቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ልክ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። እንደዚያ ሥዕል የተሠራ ሞተር ግን መንገድ ላይ አታገኙም።

እስቲ ሁላችንም ተሳፍረን የምናውቀውን ሞተር እንውሰድ፤ የላዳ ታክሲን። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ላዳ 2101 በ1970 ከቶልያቲ ፋብሪካ መውጣት ሲጀምር ቅርጹ የፊያት 124 ነበር፤ ሞተሩ ግን አልነበረም። በፊያቱ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ነበር። የሶቪየት መሐንዲሶች ቴስታታው ላይ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ወጣ። በፋብሪካው መመሪያ መሠረት የዚህ ሞተር የመግቢያ ቫልቭ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 12 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈታል፤ ፒስተኑ የታችኛውን ጫፍ ነክቶ ክራንኩ 40 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። የመውጫው ቫልቭ ከታችኛው ጫፍ 42 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈታል፤ ከላይኛው ጫፍ 10 ዲግሪ አልፎ ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቫልቭ 232 ዲግሪ ያህል ክፍት ይቆያል። ደግሞ 12ቱንና 10ሩን ብትደምሩ፣ ለ22 ዲግሪ ያህል ሁለቱም ቫልቮች አብረው ክፍት ናቸው።

ጀማሪ ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ያን 40 ዲግሪ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል፤ መግቢያው ገና ክፍት ነው። የሳበውን መልሶ አይተፋውም ወይ? መልሱ በጊዜው ላይ ይመሠረታል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል፤ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ያለው ጊዜ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አየር ክብደት አለው። በመግቢያው ቱቦ ውስጥ አንዴ ከሮጠ በኋላ ፒስተኑ አቅጣጫ ስለቀየረ ብቻ አይቆምም። የዚህን አዳራሽ በር አስቡት፤ ሰው እየሮጠ በሚገባበት ሰዓት በሩን ትንሽ አዘግይቶ የሚዘጋ ዘበኛ ከኋላ የሚገፋውን ሁሉ ያስገባል፤ ሰው ቀስ እያለ በሚገባበት ሰዓት ያንኑ ቢያደርግ ግን የገባው ተመልሶ ይወጣበታል። በ800 ዙር ሚኒሞ ያው የፒስተን ጉዞ 37.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። አየሩ አይሮጥም። በዚህ ጊዜ የዘገየ ቫልቭ የተሳበውን ክፍል ወደ ማኒፎልዱ ይመልሳል፤ ሞተሩም ከታች ጉልበት ያጣል።

ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ያ 22 ዲግሪም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚወጣው ጭስ ከኋላው ባዶ ቦታ ትቶ አዲሱን አየር ይጎትተዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ሚኒሞ ላይ ግን በመግቢያው በኩል ያለው ሳብ ጭሱን ወደ ኋላ ይጠራዋል፤ የተበረዘ ድብልቅ ይገባል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንም በማርሚታው ይወጣል። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሦስተኛ ሁኔታ አለ። በከተማ መንገድ፣ ፔዳሉ ግማሽ ሳይረገጥ፣ ጥቂት ጭስ ሆን ብሎ መልሶ ማስገባት ይጠቅማል። ጭሱ ቦታ ስለሚይዝ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት የአየር መግቢያው ምላስ ሰፋ ብሎ መከፈት አለበት፤ ስለዚህ ፒስተኑ በጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ቃጠሎውም በርዶ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለት ይቀንሳል። ደላላው «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚለው፣ ባያውቀውም፣ ይህን ነው።

እንግዲህ ሚኒሞው፣ የከተማው ጉዞ፣ ዳገቱና አስፋልቱ የየራሳቸውን ካምሻፍት ይፈልጋሉ። ቋሚ ካምሻፍት የሚሠራ መሐንዲስ ከነዚህ ማንን እንደሚያስቀይም መምረጥ ነበረበት። የእሽቅድድም መኪና ሚኒሞ ላይ ሲንፈራፈር የምትሰሙት መሐንዲሱ ሚኒሞውን ለማስቀየም ስለ ወሰነ ነው።

ጥያቄው ከቤንዚን ሞተር ይቀድማል። በ1840ዎቹ በስቲቨንሰን ፋብሪካ በተሠራው የእንፋሎት ባቡር የቫልቭ ማንቀሳቀሻ፣ ሾፌሩ ባቡሩ ሲነሣ እንፋሎቱ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲገባ፣ ሩጫ ላይ ሲደርስ ቶሎ እንዲቆረጥ በእጁ ዘንግ ያስተካክል ነበር። ከጅቡቲ እስከ ለገሐር በእንፋሎት ባቡር የነዱ ሾፌሮችም ይህን ማስተካከል የዕለት ሥራቸው አድርገውት ኖረዋል። በመኪና ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ምክንያቱም በደቂቃ ሺህ ጊዜ በሚዞር ዘንግ ላይ፣ እየዞረ ሳለ፣ አንግሉን መቀየር ቀላል አይደለም።

በፋብሪካ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት አልፋ ሮሜዮ ነው፤ በ1980፣ ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጀው ስፓይደር 2000 ላይ። ፈጠራው የመሐንዲሱ የጃምፓኦሎ ጋርቼአ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ራሱ ነባር ሞተርን የማሻሻል ታሪክ ነው። የስፓይደሩ ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር የተወለደው በ1954፣ በጁልዬታ ላይ፣ 1,290 ሲሲ ሆኖ ነው። በ1980 ያው ቤተሰብ 1,962 ሲሲ ደርሶ ነበር፤ ዕድሜው ግን 26 ዓመት። የአሜሪካ የጭስ ሕግ ጠበቀበት። ፋብሪካው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ካምሻፍቱን አለዝቦ የሞተሩን ጠባይ መግደል፣ አለዚያ መግቢያውን ብቻ ሚኒሞ ላይ አዘግይቶ፣ ፍጥነት ሲጨምር ማስቀደም። ሁለተኛውን መረጠ። በመግቢያው ካምሻፍት ጫፍ ላይ፣ በማርሹና በዘንጉ መካከል፣ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ትንሽ ፒስተን አስገባ። የሞተሩ ዘይት ፒስተኑን ሲገፋው በጠመዝማዛው ላይ እየተንሸራተተ ዘንጉን ከማርሹ አንጻር ያዞረዋል። ሁለት ቦታ ብቻ አለው፤ ወይ ዘግይቷል ወይ ቀድሟል። በኋላ በመጡት በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ሞዴሎች አንድ ሶሌኖይድ የዘይቱን መንገድ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በቃ። የ1954 ሞተር በዚህች ዕቃ እየታገዘ እስከ 1990ዎቹ በስፓይደር ውስጥ ሠራ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ሆንዳ በ1989 በኢንቴግራ ላይ ያወጣው ቪቴክ ሌላ ዘመድ ነው፤ አንግሉን ሳይሆን ጉብታውን ራሱን ይለውጣል፤ ከ1.6 ሊትር ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት ያወጣውም በዚህ ነው። ቢኤምደብሊው በ1992 ቫኖስን አመጣ። ቶዮታ በ1991 በባለ 20 ቫልቩ 4ኤ-ጂኢ ላይ እንደ አልፋ ሁለት ቦታ ያለው ቪቪቲ ገጠመ፤ በ1995 ደግሞ ሳይቋረጥ የሚንቀሳቀሰውን ቪቪቲ-አይ። በ1999 የወጣችው ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተሯን ይህን አስታጥቃ መጣች። በመንገዳችን ላይ ያለው የቪትዝ ብዛት ሲታይ፣ ተለዋዋጭ ካምሻፍት ለአዲስ አበባ ሰው በስሙ እንጂ በሥራው እንግዳ አይደለም።

የዛሬው ዓይነት እንዲህ ይሠራል። በካቴናው የሚነዳው ማርሽ በውስጡ ክፍት ነው፤ ክፍሎች አሉት። በክፍሎቹ መካከል ባለ 3 ወይም ባለ 4 ክንፍ ሮተር ተቀምጧል፤ ሮተሩ ከካምሻፍቱ ጋር በቡሎን ታስሯል፤ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ፌዘር ይባላል። ዘይት ከክንፉ በአንዱ ወገን ሲገባ ካምሻፍቱ ይቀድማል፤ በሌላው ወገን ሲገባ ይዘገያል። የቶዮታው ስፋት በክራንክሻፍት ሲለካ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ዘይቱን የሚያከፋፍለው በቴስታታው ላይ የተሰካ ጣት የሚያህል ቫልቭ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በፈጣን የኤሌክትሪክ ምት ያዝዘዋል። ኮምፒዩተሩ የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ሴንሰር እያነጻጸረ «አሁን የት ነህ?» ይላል፤ ከሚፈልገው ከራቀ ያርመዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ሮተሩ እጅግ በዘገየው ቦታ ላይ ይመለሳል፤ አንዲት ትንሽ ፒን ትቆልፈዋለች። በማግስቱ ሲነሣ ዘይት እስኪደርስ ድረስ እንዳይንገጫገጭ ያደረገችው እሷ ናት። ጠዋት ሲነሣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ የምትሰሙበት ቪቪቲ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይህች ፒን ወይም ቀዳዳዋ ያለቀበት ነው።

አሁን ወደ እኛ መልክዓ ምድር። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። አንዳንዱ ካምሻፍት በማስተካከል ይህን እመልሳለሁ ይላል፤ አይመለስም። የሌለ አየር በታይሚንግ አይፈጠርም። ግን አንድ እውነት አለ። ቫልቩን ቀደም አድርጎ መዝጋት በዝቅተኛ ዙር የሚታመቀውን አየር ያበዛል፤ ዋጋውም ሞተሩ በጭነት ላይ ወደ መንኳኳት መቅረቡ ነው። በከፍታ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ቀድሞውኑ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ለመንኳኳት ሩቅ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሞተር ትንሽ የቀደመ ካምሻፍትን ይታገሣል፤ ከእንጦጦ ዳገት ግርጌም በሁለተኛ ማርሽ ይሻለዋል።

ችግሩ መኪናው አዲስ አበባ ብቻ አለመዋሉ ነው። ያው መኪና ነገ ወደ አዋሽ ሙቀት ይወርዳል፤ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እስከ ዓባይ ድልድይ ይወርድና መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። ቆላ ላይ አየሩ ወፍራም፣ ሞተሩ የጋለ፣ ጭነቱ ያው ነው፤ ለደጋ የተቀደመው ቋሚ ካምሻፍት እዚያ ማንኳኳት ይጀምራል። ተለዋዋጭ ካምሻፍት በቆላና በደጋ መካከል ለሚመላለስ ሰው ከአውሮፓ ነጂ ይልቅ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው።

ይህ ከሆነ፣ በነባር ሞተራችን ላይ ለምን አንገጥመውም? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያሉን ሞተሮች ከእኛው ጋር ያረጃሉ ማለት ነው።

እስቲ በላዳው እንሞክረው። ካምሻፍቱ አንድ ነው፤ መግቢያውንም መውጫውንም እሱ ይከፍታል። 10 ዲግሪ ብታስቀድሙት መግቢያው በ12 ፈንታ በ22 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈታል፣ በ40 ፈንታ በ30 ይዘጋል፤ ደህና። መውጫው ግን አብሮት ይሄዳል፤ በ42 ፈንታ በ52 ዲግሪ ይከፈታል፣ ቃጠሎው ሥራውን ሳይጨርስ ማለት ነው፤ ልክ ላይኛው ጫፍ ላይ ይዘጋል። አብረው የሚከፈቱበት 22 ዲግሪ ቦታው ተቀየረ እንጂ መጠኑ አልተቀየረም። ሚኒሞውን ለማለስለስ ያሰበ ሰው ምንም አላገኘም። ዘዴው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ፎርድ ከ2004 ጀምሮ በኤፍ-150 ባለ 5.4 ሊትር ሞተር ላይ በየቴስታታው አንድ ካምሻፍት ይዞ ሁለቱንም አብሮ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ተጠቅሟል። ግን ሞተሩ ከመጀመሪያው ለዚያ ታስቦ፣ ከነኮምፒዩተሩ ተነድፎ ነው።

ዲኤክስ ኮሮላ ያላችሁ ደግሞ ከላዳም ትብሳላችሁ። የ4ኬ ሞተሩ ካምሻፍት ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ቫልቮቹን በረጅም ዘንጎች ይገፋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ መሥራት እንደሚቻል ጂኤም በካዲላክ ኤስካሌድ ባለ 6.2 ሊትር ሞተሩ አሳይቷል፤ በ2008 የወጣው ዶጅ ቫይፐርም ባዶ ካምሻፍት ውስጥ ሌላ ዘንግ አስገብቶ የመውጫ ጉብታዎችን ከመግቢያዎቹ ለይቶ አንቀሳቅሷል። እነዚህ ግን በፋብሪካ የሚፈጩ ትክክለኛ ዕቃዎች ናቸው፤ በቶርኖ ቤት የሚሠሩ አይደሉም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ፋብሪካው ተለዋዋጭ ካምሻፍት ሠርቶለት በማያውቅ ሞተር ላይ ፌዘሩን ከሌላ መኪና ቆርጣችሁ አትግጠሙ። ለላዳና ለዲኤክስ የሚበቃው የሚስተካከል ቋሚ ማርሽ ነው። ማርሹ በጥርስ ብቻ ከተስተካከለ በጣም ሸካራ ነው፤ በካምሻፍቱ ማርሽ ላይ 38 ጥርስ ካለ አንድ ጥርስ መዝለል በክራንክሻፍት 19 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ማስተካከል ሳይሆን ማበላሸት ነው። ለላዳ ሁለት ክፍል ያለው፣ በረጃጅም ቀዳዳ የሚንሸራተት ማርሽ ሩሲያ ውስጥ ይሠራል። በሁለት ሦስት ዲግሪ እያስቀደማችሁ፣ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ጭነት፣ በሰዓት ለኩት። «ፈጠነልኝ» የሚለው የነጂ ቃል መለኪያ አይደለም፤ አዲስ ዕቃ የገጠመ ሰው ሁሉ ይፈጥንለታል። ላዳ ላይ አንድ ዕድል አላችሁ፤ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ሌላ ትንሽ ዘንግ ስለሆነ ካምሻፍቱን ስታንቀሳቅሱ ብልጭታው ከቦታው አይነቃነቅም። ዲስትሪቢዩተራቸው ከካምሻፍቱ ጫፍ በሚነዳ ሞተሮች ላይ ግን የካምሻፍቱን ያህል ብልጭታውም ይሄዳል፤ ይህን የረሳ ሰው ካምሻፍቱን ያማል፣ ጥፋቱ የብልጭታው ሆኖ ሳለ።

ተንቀሳቃሽ የሆነውን ለሚፈልግ ግን በር አልዘጋሁም። መንገዱ የሞተሩን ታናሽ ወንድም መፈለግ ነው። የዚህ አንድ ምሳሌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው። ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ በ1994 ወደ መኪናው ሲገባ ቋሚ ካምሻፍት ነበረው፤ በ2001 ለዚያው ሞተር ተለዋዋጭ የመግቢያ ካምሻፍት ያለው ቴስታታ ወጣ። አማተሮች የአዲሱን ቴስታታ በአሮጌው ብሎክ ላይ ይገጥማሉ። የአልፋ ባለቤቶችም የ1980ዎቹን መቀያየሪያ ወደ ቀደሙት ሞተሮች ይመልሳሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ የሞተር ቁጥር የሚመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ ቴስታታ ብትቀይሩ ከሊብሬው ጋር አትጣሉም።

ቴስታታው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ተገኘ እንበል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚጀምረውም ከዘይት ነው። ፌዘሩ ጉልበት የሚያገኘው ከሞተሩ የዘይት ፖምፓ ብቻ ነው። አሮጌው ብሎክ ለዚያ የተቦረቦረ የዘይት መንገድ ላይኖረው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከዘይት ግፊት ሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ ተሰክቶ በውጭ ቱቦ ወደ ቴስታታው ይወሰዳል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ግፊቱ ራሱ ነው። ብዙ ዓመት የሠራ ሞተር፣ ብሮንዚናው አልቆ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሚኒሞ ላይ የሚያሳየውን ግፊት በመካኒካል ጌጅ ለኩ፤ በዳሽቦርዱ መብራት አትመኑ። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ሮተሩ በክፍሎቹ ውስጥ ይዋልላል፤ ኮምፒዩተሩ ያርመዋል፣ መልሶ ይዋልላል፤ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውየው ሶሌኖይድ ይቀይራል፣ ሴንሰር ይቀይራል፤ ጉዳዩ ግን ከታች ነው። እንዲህ ያለ ሞተር መጀመሪያ መታደስ አለበት፤ ካምሻፍቱ ይቆየው።

ዘይቱ ራሱም አለ። ያረጀ ሞተር እንዳይጠጣ እያልን 20-50 የምንሞላበት ልማድ ለላዳ ብዙም አይከፋም፤ ለ5-30 የተነደፈ ፌዘር ግን በጠዋቱ ብርድ በዚያ ወፍራም ዘይት ይንቀራፈፋል። የዘይት ቫልቩ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊትም አለች፤ ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ የምትዘጋው መጀመሪያ እሷ ናት። ዲያግኖስቲክ ማሽኑ ፒ0011 ሲያሳይ «ካምሻፍቱ ከሚገባው በላይ ቀድሟል» ማለቱ ነው፤ ብዙ ጋራዥ በቀጥታ ፌዘር ግዛ ይላል። ወንፊቷን ያየ ግን ጥቂት ነው።

ከዘይት ቀጥሎ የፒስተንና የቫልቭ ርቀት ይመጣል። መግቢያው በ40 ዲግሪ ሲቀድም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ሳለ ቫልቩ ብዙ ወርዷል። ፒስተኑ የአሮጌው ሞተር ከሆነ ለዚህ የተቀረጸ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ፒስተኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ሸክላ አድርጉ፣ ፌዘሩን እጅግ በቀደመው ቦታ ላይ አስሩ፣ ቴስታታውን ከነጋስኬቱ ግጠሙ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ፈትታችሁ ሸክላውን በመሐል ቁረጡና ለኩ። በመግቢያው በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በመውጫው 2.5 ማነስ የለበትም የሚለውን ልማድ እኔም እከተላለሁ። ይህን ሥራ ዘልሎ ቁልፍ የሚያዞር ሰው የሚሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ማን ያዝዘዋል? እንደ አልፋው ወይም እንደ ባለ 20 ቫልቩ ቶዮታ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ከሆነ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ዙር የሚቆጥር ስዊችና በነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንድ ማይክሮስዊች ይበቃሉ። የቪቪቲ-አይ ዓይነት ክንፍ ያለውን ግን መሐል ላይ ለማቆም የክራንክና የካም ሴንሰር፣ እነሱን የሚያነጻጽር ኮምፒዩተርም ግድ ነው። ሜጋስኩዊርት 3 ይህን ይችላል፤ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነው ስፒዱዊኖም ይችላል። ሆኖም እዚህ ስትደርሱ ካርቡሬተሩንም ዲስትሪቢዩተሩንም አውጥታችኋል፤ የነዳጅ መርፌ ገጥማችኋል፤ ሽቦውን በሙሉ ቀይራችኋል። ያን ጊዜ ሒሳብ ሥሩ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ሞተር ከነኮምፒዩተሩ ገዝቶ፣ በሊብሬው ላይ አስቀይሮ መግጠም ይረክሳል። በጉዞው ውስጥ የተገኘው ትርፍ ደግሞ አብዛኛው የካምሻፍቱ አይደለም፤ ካርቡሬተሩ ቀርቶ ነዳጁ ለከፍታው በልክ መመጠኑ ነው። ለኤንጂን ኮምፒዩተር ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ነዳጁንና ብልጭታውን ይስጠው፤ ካምሻፍቱን በሚቀጥለው ዓመት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሥራ መሥራቱን ለማወቅ ዳገት ፍለጋ አትሂዱ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ይሁን፤ የዘይት ቫልቩን ሶኬት ንቀሉና ከባትሪው ለአፍታ ኮረንቲ ስጡት። ካምሻፍቱ በአንድ ጊዜ ይቀድማል፤ ጭስ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ ሞተሩ ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊጠፋ ይገባዋል። ምንም ካልተሰማው ወይ ዘይቱ አልደረሰም፣ ወይ ቫልቩ ተጣብቋል፣ ወይ ፒኗ አልለቀቀችም። ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ቪትዝ አለች፤ ባለቤቷ ፈቅደውልናል። ጥያቄዎቻችሁን ከተቀበልኩ በኋላ ወርደን በእሷ ላይ እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ከላዳ ባለቤቶች ልጀምር፤ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁና።